የቱርሚን ቤት ያስወደደው ጭቃው አይደለም

ሙያዬ አናጺነት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጂንካ ነው፤ እንጀራዬ ግን ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ ባለው መንገድ ዳር የተበተነ ነው። ቀይ አፈር ሱቅ፣ ዲመካ መጋዘን፣ ቱርሚ ደግሞ ከቱሪስት ማረፊያ ጀምሮ እስከ አንድ ክፍል ሰርቪስ ድረስ ሠርቻለሁ። ስለ ቤት ችግር በጋዜጣ የሚጽፉልን አብዛኛውን ጊዜ የምጣኔ ሀብትና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ናቸው። ከሚሉት ብዙውን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ድሃ ቤት ያጣው ቤት መሥራት ስለማይችል ነው የሚለው ሐሳብ፣ በግልጽ ባይነገርም፣ ከብዙ ጽሑፍ ሥር ተጋድሞ አገኘዋለሁ። ሌላውን አገር እንጃ፣ ቱርሚ ላይ ግን ይህ ሐሰት ነው።

ቱርሚ ርካሽ ቤት መሥራት የሚችል ሰው ሞልቷል። በዙሪያዋ ያሉት የሐመር መንደሮች ያለ ባንክ ብድር፣ ያለ ሥራ ተቋራጭ፣ ያለ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የቆሙ ናቸው። የጠፋው እንዲህ ያለው ቤት ከተማ ውስጥ ቤት ተብሎ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። እናም መንግሥት ለትናንሽ የቆላ ከተሞች ቤት ሠርቼ ላድል እያለ ከሚጨነቅ፣ ትንሽ ቦታ፣ ውኃና የይዞታ ወረቀት ይስጥ እላለሁ። የቀረውን ሰዉ ይሠራዋል።

ቱርሚን ላላየ አንባቢ ትንሽ ልበል። ብዙው ሰው ሐመርን የሚያውቀው ከፍቅረማርቆስ ደስታ ልቦለዶች ወይም በቴሌቪዥን ከሚታየው የከብት ዝላይ ነው። ከተማዋን ግን ማንም አይጽፋትም። የወረዳው መቀመጫ ዲመካ ነች፤ ቱርሚ ከዲመካ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ፣ ወደ ኦሞራቴና ወደ አርቦሬ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩባት መገናኛ ናት። ገበያዋ ሰኞ ነው። ጠዋት የሐመር ሴቶች ቅቤ፣ ማር፣ ማሽላና ቅል ይዘው ይገባሉ፤ ፍየል የሚነዱም አሉ። ከሰዓት በኋላ የቡና ገለባቸውንና ጨዋቸውን ገዝተው በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። ማታ ከተማዋ ውስጥ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው፤ ከኮንሶ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከአሪ፣ ከሰሜንም የመጣ ነጋዴ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ፖሊስ፣ ሾፌር። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። መሬቱ የሐመር ነው፤ ከተማው ውስጥ ግን ሐመሩ የቀን እንግዳ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ "ሁሉን አካታች የከተማ ልማት" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይኸው የሰኞ ከሰዓት የመልስ ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። አራት በአራት የሆነች አንዲት ክፍል እንሥራ እንበል፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ጂንካ ላይ ባሕር ዛፉ ከአሪ ደጋ ይወርድልኛል፤ ጭዱን ከጤፍ አውድማ አገኛለሁ፤ አፈሩም የሚያጣብቅ ነው። ቱርሚ ላይ ሦስቱም የሉም። ባሕር ዛፍ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ መጥቶም ምስጥ ይጠብቀዋል። የቋሚውን እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተን ነው የምንተክለው፤ ድሮ ሾፌሮች በነፃ የሚሰጡን ዘይት ዛሬ በጀሪካን ይሸጣል። ጤፍ ስለማይዘራ ጭድ የለም፤ የማሽላ ገለባ እንቀላቅላለን። አፈሩ አሸዋ ስለሚበዛበት የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛ መምረግ ግድ ነው፤ ለእሱም ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ በጀሪካን የሚገዛ ነው። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል። ባለቤቱ ወለሉን ሊሾ ልበለው ካለ፣ ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከደርባ ነው የሚነሳው፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው።

ሒሳቡ ሲደመር ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ጭቃው አይደለም፤ የእኔ የጉልበት ዋጋም አይደለም። በመኪና ተጭኖ የመጣው ዕቃ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቦታው አለ። ቦታ ያገኘ ሰው በአንድ በጋ ቤት ያቆማል፤ ያላገኘው ዕድሜውን ሙሉ ይከራያል። ከተከራይ የሚሰበሰበው ኪራይ ደግሞ ለባለ ቦታው ሌላ ሰርቪስ ይሆናል። አንዳንድ ግቢ ውስጥ አንድ መጸዳጃ ቤት ለስምንትና ለአሥር ቤተሰብ ሲያገለግል አይቻለሁ፤ እኔው ራሴ የሠራኋቸው ክፍሎችም አሉበት።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ለቱሪስት ማረፊያ ጎጆ ስንሠራ ባለቤቶቹ ቆርቆሮ እንዳይታይ አጥብቀው ያስጠነቅቁናል። ክብ ይሁን፣ ክዳኑ ሣር ይሁን፣ ግድግዳው ጭቃ ይምሰል ይላሉ። ምክንያታቸው ውበት ብቻ አይደለም። ቱርሚ ቆላ ናት፤ ቀትር ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ሰውን እንደ ቂጣ ይጠብሳል። ሣር ክዳን ሥር ግን በዚያው ሰዓት ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ይቻላል። ሣሩን የሚያቀርቡልን የአካባቢው ሴቶች ናቸው። የትኛው ሣር ዝናብ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ ነዶው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እኔ ገመድና ልክ ነው የምጨምረው። ሥራው ሲያልቅ ጎጆው "ኢኮ ሎጅ" ይባልና አዳሩ በዶላር ይሸጣል። ያቺው ሣር ያመጣች ሴት ተመሳሳይ ጎጆ ከተማ ውስጥ ለራሷ ላቁም ብትል ግን፣ በትናንሽ ከተሞቻችን በለመድነው አሠራር መልሱ "ደረጃውን ያልጠበቀ ግንባታ" ነው። ጎጆው አንድ ነው፣ ሣሩም አንድ ነው።

ካየሁት ሁሉ ይህን ነገር ያስረዳኝ አንድ ትዕዛዝ ነው። አንዲት የሐመር እናት ሰኞ ገበያ ሁለት ፍየል ሸጣ ወደ እኔ መጣች። ልጇ ቱርሚ ይማራል፤ ከመንደር እየተመላለሰ ግን አልሆነለትም። የሚያስተረጉምልን ልጁ ራሱ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ሜትሬን አውጥቼ ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ ይህን ያህል ማገር፣ ይህን ያህል ወራጅ እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። ልጁ ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች። ቤቱን እሷና ጎረቤቶቿ ይሠሩታል፤ እንጨቱም ሣሩም አላት። ከእኔ የምትፈልገው ቁልፍ ያለው በር ብቻ ነበር። መንደር ውስጥ በር በቁልፍ የሚዘጋ የለም፤ ከተማ ውስጥ ግን የልጇን ደብተርና የማሽላ ዱቄት የሚያነሳ አይጠፋም ብላ ሰግታለች።

በጣውላ ፍሬም ላይ ቆርቆሮ መትቼ፣ ሁለት ማጠፊያና የጓጉንቸር ማንጠልጠያ አድርጌ ሠራሁላት። በሩን ይዤ ስሄድ ችግር ተገኘ፤ የእኔ በር ሁለት ሜትር ነው፣ የእነሱ ጎጆ መግቢያ ደግሞ ዝቅ ያለና ጠባብ። እሷ መግቢያውን አላሰፋም አለች፤ ሙቀት ይገባል፣ ጎጆውም ይላላል። ልክ ነበረች። በሩን ከታች በመጋዝ ቆርጬ አሳጠርኩት፤ የተረፈውን ቁራጭ ልጁ መደርደሪያ አደረገው። ጎጆው በጥቂት ቀን ቆሞ "ቤት ለእንቦሳ" አልኳት፤ ልጁ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ብቻ እንደገና ሳቀችብኝ።

የቆመው የት ነው ብትሉኝ ግን፣ በሰው ግቢ ጥግ ነው። ባሏ ከአንድ የከተማ ነጋዴ ጋር ሐመሮች ቤል የሚሉት ዓይነት የቃል ኪዳን ወዳጅነት አለው፤ በዚያ ወዳጅነት ነው ቦታው የተገኘው። ነጋዴው ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ግቢውን የሸጠ ወይም ሰርቪስ ልሠራበት ያለ ቀን ጎጆው ይነሳል፤ ልጁም ወይ ይከራያል ወይ ትምህርቱን ይተዋል። ወዳጅ የሌላቸው የሐመር ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ተከራይተው፣ ከቤት የመጣ ዱቄት በየተራ እያበሰሉ ነው የሚማሩት። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ልጅቷ የምታድርበት አስተማማኝ ክፍል ካልተገኘ ቤተሰብ ወደ ከተማ ሊልካት ያመነታል፤ አልፈርድባቸውም።

እስቲ ይህችን እናት በሕጋዊው መንገድ እናሳልፋት። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በዋናነት በጨረታ እንዲተላለፍ ያዛል። አሸናፊው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፤ ግንባታውንም በተወሰነ ጊዜ ጀምሮ በተወሰነ ጊዜ መጨረስ አለበት። ይህ ደመወዝተኛንና ነጋዴን ታስቦ የተጻፈ ነው። የእሷ ገንዘብ የሚመጣው በዝናቡና በፍየል ዋጋው ልክ ነው፤ ዘንድሮ ግድግዳ፣ ከርሞ ክዳን፣ ሲመቻት ደግሞ ወለል። በማኅበር ተደራጂ ብንላት፣ በብዙ ከተማ ከግንባታው ወጪ ትልቁን ድርሻ አስቀድማ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅባታል። የጨረታውን ማስታወቂያ ራሱ ሊያነብላት የሚችለው ያው ቤት የሌለው ልጇ ነው።

ጂንካ ያሉ ወዳጆቼ "ታዲያ ኮንዶሚኒየም ይሠራልን" ይላሉ። በወጣትነቴ አርባ ምንጭ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ሠርቻለሁ፤ ሙያ የተማርኩት እዚያ ነው፣ ውለታውን አልክድም። የተቀናጀው የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1998 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ዓላማው ሁለት ነበር፤ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ቤት፣ ለወጣቱ ሥራ። አዲስ አበባ ላይ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች ጣሪያ ሰጥቷል። በክልል ከተሞች ግን በ2002 ገደማ ቆመ፤ ፈላጊ ጠፋ፣ የቀረበለትም ሰው ክፍያውን አልቻለም። ሳይት ላይ የነበርን ሰዎች ቀድመን ጠርጥረን ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በከሰል ማብሰል፣ በግ ማረድ፣ በርበሬ ማስጣት አይመችም፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ መገልገያ ሕንጻ መጨመር ያስፈለገው ለዚህ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ መሬት ላይ ያለ ሰርቪስ ባነሰ ዋጋ እየተገኘ ለፎቅ የባንክ ዕዳ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው።

ቱርሚ ላይ ሲሆን ሌላም ነገር አለ። ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ለማቆም ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ግንበኛው ሁሉ ከሩቅ ይመጣል፤ ከቱርሚ የሚገኘው የወንዝ አሸዋ ብቻ ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል። ጎጆ ወይም የአፈር ጡብ ቤት ሲሠራ ግን ሣር ያጨደችው፣ እንጨት ያቀረበው፣ ጭቃ ያቦካው ሁሉ እዚያው ይከፈለዋል፤ ያገኘውንም ሰኞ ገበያ ላይ ያወጣዋል። በስብሰባ ላይ "ዘላቂ ልማት" ሲባል እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፤ ሌላ ፍቺ ካለው ባለሙያዎቹ ያርሙኝ።

ጭቃ ሲባል ኋላ ቀርነት የሚታየው ሰው የቡርኪና ፋሶውን ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬን ይመልከት። በተወለደባት በጋንዶ መንደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ያለቀው ትምህርት ቤት፣ ግድግዳው ከአካባቢው አፈር የተሠራ ጡብ ነው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለና ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ አደረገ፤ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ አይወርድም። የሠራው የመንደሩ ሰው ነው። ኬሬ በ2022 በሥነ ሕንጻ ሙያ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ስለ እሱ ባነበብኩ ሰሞን ቱርሚ ላይ አንድ ሰርቪስ ስሠራ ሐሳቡን ሰረቅኩት፤ በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ወጠርኩ፣ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አናት አንድ ክንድ ከፍ አደረግኩት። ባለቤቱ በክፍተቱ ሌባ ይገባል ብሎ በወንፊት ሽቦ አስዘጋው፤ ነፋሱ ግን አሁንም ያልፋል፤ ክፍሉም ሳይከራይ የዋለበት ጊዜ የለም። ቺሊም አለች፤ አሌሃንድሮ አራቬና የተባለው አርክቴክትና ባልደረቦቹ ኢኪኬ በተባለች የበረሃ ከተማ ለመቶ ያህል ቤተሰብ ግማሽ ቤት ብቻ ሠርተው አስረከቡ፤ ለብቻው የሚከብደውን፣ ማለትም ቦታውን፣ መሠረቱን፣ ውኃውን፣ መጸዳጃውን ፕሮጀክቱ ቻለው፤ ሌላውን ግማሽ ባለቤቶቹ እንደ አቅማቸው ጨረሱት። ለእኛ ከዚህም ያነሰ ይበቃል።

ለምን አሁን ትላለህ ለሚለኝ፣ ጂንካን እያየሁ ነው። ልጅ ሳለን የከተማዋ እምብርት የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከከብቱ ጋር እኩል ይነዱን ነበር። ከዚያ አዲሱ ኤርፖርት መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ጂንካ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆና ቢሮዎች መጡ። ሁሉም መልካም ነው። ግን ለሚመጣው ሠራተኛ ማደሪያ አስቀድሞ ያሰበ ስላልነበረ ኪራዩ ናረ፤ ዳር ዳሩን ጨረቃ ቤት በቀለ። ጨረቃ ቤት ሥራልን ብለው ከጠሩኝ ሰዎች ውስጥ መምህራን ነበሩበት። አንዴ የተዘበራረቀ ሰፈር ለማስተካከል ማፍረስ ይመጣል፤ ማፍረስ ደግሞ ድሃው ያጠራቀማትን ቆርቆሮ ነው የሚያጠፋው። ቱርሚ ገና ትንሽ ናት። ደላላው ግን ገብቷል።

የኪራይ ሕግ አለልን የሚል ይኖራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው። ቱርሚ ላይ ግን ውል ማለት "እሺ" መባባል ነው። አንዲት የማውቃት ነርስ የቱሪስት ወቅት ሲቃረብ ክፍሏን ልቀቂ ተባለች፤ አከራዩ አልጋ ሊያከራይበት ነው። የት ትክሰስ? ብትከስስና ብትረታስ ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውኃ ቧንቧ እንዴት ትኖራለች? አማራጭ ክፍል በሌለበት ከተማ ሕጉን የሚያስከብረው ሌላ ክፍል መኖሩ ነው፤ ይኸውም ተመልሶ ቦታ ላይ ይወድቃል።

ቦታው ደግሞ ባዶ አይደለም። የሐመር መሬት የወል ነው፤ ግጦሹ፣ ማሩ፣ የማሽላ እርሻው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። የከተማ ወሰን ችካል በሰፋ ቁጥር እነዚህ ሁለት አንቀጾች ቱርሚ ዳር ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ለወል ይዞታም ካሳ እንደሚገባ ተቀብሏል። ካሳው በብር ከመጣ ተከፋፍሎ በአንድ ክረምት ያልቃል። ለእኔ የሚሻለው ወሰኑ በሰፋ ቁጥር ከሚሸነሸነው መሬት የተወሰነው መጀመሪያ ለዚያው መንደር ቤተሰቦች መመለሱ ነው፤ ካርታ ያለው የከተማ ቦታ ሆኖ። ካርታውም በሴቲቱ ስም ይሁን። ሐመር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ጎጆው ግን የየሚስቲቱ ነው። የባል ስም ከተጻፈበት ጭቅጭቁን ከወዲሁ እየጻፍነው ነው።

ቦታውን ለመስጠት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ያው የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ ከሚሰጣቸው ጉዳዮች መካከል በመንግሥት የተፈቀዱ የራስ አገዝ መኖሪያ ቤት ግንባታዎችን ቆጥሯል። ቃሉ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው ለቱርሚ ዓይነት ከተማ የሚሆን ዝርዝር ነው፤ ስንት ካሬ ሜትር፣ በየትኛው ሰፈር፣ በምን ቁስ። እኔ ብጠየቅ አሥር በአሥራ አምስት ሜትር ይበቃል እላለሁ፤ የአፈር ግድግዳና የሣር ክዳን በግልጽ ይፈቀድ፤ የማጠናቀቂያ ጊዜ ገደቡ ይነሳ። ባንክ ማበደር ከፈለገ ለበርና ለክዳን የሚሆን ትንሽ ብድር ይስጥ፤ ቤት በሙሉ የሚያሠራ ብድር ማንም አልጠየቀም።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። እሳትን በተመለከተ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የሚፈሩት እውነት ነው፤ ተጠጋግተው የቆሙ ሣር ቤቶች በአንድ ክብሪት ይነዳሉ። ስለዚህ ሣር ክዳን መሐል ገበያው ላይ አይሁን፤ ዳር ሰፈሮች ላይ በጎጆና በጎጆ መካከል ሰፊ ክፍተት ይኑር። ካልሆነም አንዳንድ ማረፊያዎች እንደሚያደርጉት ቆርቆሮ መትቶ በላዩ ሣር ማልበስ ይቻላል፤ ዝናብ አያስገባም፣ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ እሳቱም ከውስጥ ቶሎ አይይዝም፤ ወጪው ግን ከፍ ይላል። መጸዳጃ ቤቱ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የቱርሚ አሸዋማ አፈር ጉድጓዱን ይንደዋል፤ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ካልተደገፈ አንድ ክረምት አይዘልቅም፤ መደገፊያውም የእናቲቱ አቅም አይደለም። የመንግሥት ሲሚንቶ መግባት ያለበት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ቦታውን ተቀብለው ለነጋዴ ይሸጡታል የሚሉኝም አሉ። ይሸጡ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ሲከለከል ማንም አልተገረመም፤ ለሐመር ቤተሰብ ያው ደንብ ቢሠራ ምን ይገርማል? አምስት ዓመት አንድ ልጅ ከሰባተኛ ክፍል አሥራ ሁለተኛ ለመድረስ ይበቃዋል።

ቦታው ሲመረጥ ደግሞ ወንዙን የሚያውቁት ይጠየቁ። የቱርሚው ወንዝ ካስኬ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይተኛበታል፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን ጠራርጎ ነው የሚመጣው። ርካሽ ቦታ ሁሌ ወንዝ ዳር ነው። ዳሰነች ላይ በነሐሴ 2012 ኦሞ ሞልቶ መንደሮችን ከነከብታቸው ሲያፈናቅል፣ የዳሰነች ሴቶች ጎጇቸውን ነቅለው፣ እንጨቱንና ቆዳውን ተሸክመው ወደ ደረቅ መሬት የወጡ ነበሩ፤ ባለ ብሎኬቱ ቤቱን ትቶ ወጣ።

የጊዜውም ነገር አለ። የቱርሚ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ለክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ከዚያ በኋላ፣ ደርቆ ሳይሰባበርና ፍየል ሳይጨርሰው ነው። ምሪቱ ጥር ላይ ቢሰጥ፣ ችካሉ ከዝናቡ በፊት ይመታል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ሣሩ እንደታጨደ ክዳኑ ይወጣል፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ይገባሉ። እንደተለመደው የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ ላይ በጥድፊያ ቢሰጥ ግን ሣሩ ያመልጣል፤ ሰዉም ወይ ቆርቆሮ ሊገዛ ይበደራል ወይ ከርሞን ይጠብቃል።